ያልጠራሁት ቁጥር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ እታለም እየሩሳሌም፣

እንደምን ሰነበትሽ? አባባስ እንዴት ነው? መቼም የገብስ አጨዳው ደርሶ ወፍጮ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ይሆናል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ቆይቼ በመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤ አጻጻፍ የተማርኩት ለፈተና ነበር፤ አሁን ብዕር ስይዝ እጄ ይተሳሰራል።

ስልክህ ለምን ተዘጋ ብለሽ ተጨንቀሻል። ወደ ዘፈን ውድድሩ ተወዳዳሪዎች ቤት የገባን ቀን የሁላችንንም ስልክ ሰብስበው ቆለፉበት። ውድድሩ እስኪያልቅ የውጭ ወሬ እንዳይረብሸን ነው አሉ። የሚገባልን እሑድ እሑድ ቤተሰብ የሚልከው ደብዳቤና ስንቅ ብቻ ነው። ሹፌሩን ገብረአብን አመስግኚልኝ። ቆሎውን ሳይቀምስ አድርሶልኛል፤ ቀምሶ ከሆነም አላስታወቀም።

ከማን ጋር ነህ ላልሽኝ፣ ሰባት ቀርተናል። ከሰባቱ አንዷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ሀይማኖት ትባላለች። አይተሻታል፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ስትዘፍን ዓይኗን የማትጨፍነው። የገባን ቀን የሀገሬን ልጅ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ «ከደብረ ብርሃን የትኛው ሰፈር ነሽ?» አልኳት።

«ካምፕ» አለችኝ።

«የቱ ካምፕ?» አልኳት። እሷ ግን ሳቀችብኝ። «ምነው ደነገጥክ? ካምፑም እኮ ሰፈር ነው፤ ጎረቤት አለን፣ እንጣላለን፣ እንታረቃለን።» ቤተሰቦቿ ወለጋ ውስጥ አራሾች ነበሩ። ተፈናቅለው ከመጡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። አባቷ የሉም። እናቷን ወይዘሮ ታንጉንና ሁለት ታናናሾቿን ይዛ በተፈናቃዮች መጠለያ ትኖራለች።

እንዳትቆጪኝ እንጂ ከኔ ትበልጣለች። አሰልጣኛችንም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ድምፄ ሲዘጋ ዝንጅብል አፍልታ ያጠጣችኝ እሷ ናት። «ተፎካካሪዬ ነህ፣ ግን በጉንፋን አልረታህም» ብላ።

አባባን ሳሚልኝ። እንቅልፍ እተኛለሁ፤ አትስጊ።

ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለዘርዬ፣

ለጤናህ እንዴት አለህ? እኛ ደህና ነን። ብርዱ ከብዷል፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ተማሪዎቼ እጃቸውን እያሟሟቁ ነው የሚጽፉት፤ እኔም የምጽፍልህ እንደነሱ ነው።

ሰዉ ያየኛል ወይ ሳትል አትቀርም። አንተ ልጅ! ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ጎረቤላ መንገዱ ላይ ሰው አይገኝም። አባባ ቴሌቪዥኑን ከቤት አውጥቶ ወፍጮ ቤት አስገብቶታል። አንተ ስትወጣ ወፍጮው ይጠፋል። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሁሉ ዱቄት እንደለበሱ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያዩሃል። አባባ ከፊት ይቀመጣል፤ አያጨበጭብም፤ ዘፈንህ ሲያልቅ ግን ኮቱን ያስተካክላል። አንተ ታውቀዋለህ።

ትልቁ ወሬ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ደጋፊ ኮሚቴ ተቋቁሞልሃል። ነጋዴዎች አሉበት፣ ወጣቶች አሉበት፤ ወረዳችንን አንኮበርን ወክሎ የገባው አባባ ነው። ፎቶህ ያለበት ትልቅ ባነር አደባባዩ ላይ ተሰቅሏል፤ «የሰሜን ሸዋ ድምፅ» ይላል። አልፌ ሳየው እግሬ አልሄድልህ አለኝ፤ ቆሜ አለቀስኩ።

ያቺ ሀይማኖት ያልካት ልጅ ደስ ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ በኦሮምኛ የዘፈነችው ግን እዚህ ጥቂት ሰው አነጋግሯል። እኔ ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን ሳንጎራጉር አመሸሁ። አባባ ተነስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስ አደረገው። ለምን በኦሮምኛ መረጠች? ብታውቅ ጻፍልኝ።

ጉሮሮህን ሸፍን።

እህትህ እየሩሳሌም


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሰላምታዬ ባለበት ይድረስሽ። አምስት ቀረን። ትናንት ስማችን ሲጠራ ሁለት ጊዜ «አቤት» ማለቴ በቴሌቪዥን ካልተሰማ እግዜር ይመስገን።

በኦሮምኛ ስለዘፈነችው ጠይቄያት ነበር። የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልሽ፦ «ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ስትዳር ሌሊቱን ሙሉ ያልነው ነው። ቤታችን ቀርቷል፣ ከብቶቻችን ቀርተዋል። ያ ሠርግ ግን የኔ ነው፤ እሱን ማንም አላፈናቀለኝም።»

አሁን የማስቸግርሽ ነገር አለኝ። ስለ ባነሩ ከካሜራ ቀራጮቹ አንዱ ለሁላችንም አወራልን። ሀይማኖት «ባነሩ ላይ አንተ ብቻ ነህ አሉ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አጭር ነበር፤ ወዲያው ሳህን ልታጥብ ተነሳች። እታለም፣ እውነት ነው? ሁለታችንም ከአንድ ዞን ነን። ቦታ ጠበበ እንዳይሉ፣ እሷ እንደሆነች ቀጭን ናት። እባክሽ ለአባባ ንገሪልኝ፤ ኮሚቴው ሁለታችንንም ይደግፍ።

የፊታችን ቅዳሜ ማንም አይወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከአምስታችን አንዳችን እንወጣለን። የቀጥታ ስርጭት ነው፤ ለእያንዳንዳችን ሕዝቡን የምናነጋግርበት ግማሽ ደቂቃ ይሰጠናል። እኔና ሀይማኖት ተማክረናል። እሷ ከራሷ የድምፅ መስጫ ቁጥር ጋር የኔን ትጠራለች፣ እኔም ከራሴ ጋር የሷን እጠራለሁ። የሀገራችን ሰው ለሁለታችንም ድምፅ ይላክ። ቃል ተገባብተናል፤ እጅ ለእጅ ተመታትተን።

መልስሽን እሑድ እጠብቃለሁ።

ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደህና ነን። ጋቢ ልኬልሃለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ለሌሊት ይሆንሃል።

የጠየቅኸኝን ለአባባ ነግሬዋለሁ። ከኮሚቴው ጋር ስብሰባ በነበረበት ቀን እኔም ደብረ ብርሃን ወርጄ ነበር። እዚያ የሆነውን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ፤ አሁን ልብህን በሌላ ነገር እንድታባክን አልፈልግም። የአባባን መልእክት ግን እንዳለ ጻፊለት ስላለኝ ይኸው፦

«ሁለት ቁጥር ከተጠራ የሰዉ ድምፅ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ። ይሄ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ የሚሯሯጠው ላንተ ነው። የራስህን ቁጥር ብቻ ጥራ። የአባትህ ቃል ነው።»

ዘርዬ፣ እኔ በዚህ መሀል ምን እላለሁ? አባባም ያለው ሐሰት አይደለም። ልጅቷም ብትሆን ብልህ ናት፤ ትረዳሃለች። አሁን አሸንፍና ውጣ፤ ሌላውን በኋላ እናስተካክለዋለን።

ደህና ቆይልኝ።

እህትህ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእየሩሳሌም፣

አይታችኋል። ጆንያው ላይ የተቀመጠው ሁሉ አይቷል። ስለዚህ ምን ተፈጠረ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ከኔ በፊት የተናገረችው እሷ ናት። የራሷን ቁጥር አንዴ ጠራች፣ የኔን ሁለት ጊዜ። «ወንድሜ ነው፣ የሀገሬ ልጅ ነው፣ እሱንም እንዳትረሱት» አለች። ሁለት ጊዜ እታለም! ከዚያ ማይኩ ወደ እኔ መጣ። የአባባ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ የራሴን ቁጥር ጠራሁ፣ አንኮበርን ጠራሁ፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ደነባን ጠራሁ። የማውቀውን ከተማ ሁሉ ጠርቼ ጨረስኩ። ያልጠራሁት የሷን ብቻ ነው። ጊዜ አልበቃኝም ብዬ እንዳልዋሽ፣ ሰዓቱ ፊት ለፊቴ ነበር። በቅቶኛል።

ከዚያ ስሟ ተጠራ፣ ወጣች። በጥቂት ድምፅ ነው የወደቀችው አሉን።

ቦርሳዋን ስታዘጋጅ በሩ ላይ ቆምኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ። ጫማዋን ጠቅልላ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ቀና ብላ አየችኝና «መንገድ ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

መልእክቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጥፋቱን ላንቺ አልሰጥም፤ የዘጋሁት የራሴን አፍ ነው። ግን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ ያልሽኝ ምን ነበር?

ጋቢው ደርሶኛል። አልለበስኩትም።

ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘርአ ዳዊት፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ሰላምታውን ወደ ኋላ ላቆየው።

የደበቅኩህ ይህን ነው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሳለ ሁለት ሴቶች ከካምፑ መጡ። አንደኛዋ፣ «ልጃችንን ከልጃችሁ ጎን አድርጉልን፤ ፎቶዋን እኛ እናመጣለን» አሉ። ሰብሳቢው አባባን አየ። አባባ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን እንግዳ ናት። እኛ የምንደግፈው የራሳችንን ልጅ ነው» አለ። ሴትዮዋ አልተከራከሩም። «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ፤ አሳለፍኳቸው እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ተመልሼ መጥቼ ያን መልእክት ጻፍኩልህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ማደር አቃተኝ። ትናንት ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ካምፑ ሄድኩ። እየጠያየቅኩ ደረስኩ። ሸራውን ገልጠው የወጡት እኚያው ሴትዮ ናቸው፤ ወይዘሮ ታንጉ። አወቁኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የዘርአ ዳዊት እህት ነኝ» አልኩ።

«አውቄሻለሁ ልጄ። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

መቀመጫ አጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ፤ «ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽ ተረፈልን አይደል? እኛም ልከንለት ነበር» አሉ።

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ። ልጄ በቴሌቪዥን ቁጥሩን ጠርታ አዘዘችን። ካምፑ ውስጥ ስልክ ያለው ሁሉ አንዱን ለሷ አንዱን ለሱ አደረገ። እሷ ያለችውን እንዴት እንተዋለን?»

ዘርዬ፣ ገባህ? አንተን ካሳለፈህ ድምፅ ውስጥ የነሱም አለበት።

ሀይማኖት ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘችኝ። ጄሪካኑን አስቀመጠች፤ ሰላም አለችኝ፤ እጇን ግን ቶሎ ሳበች። በጣም እንደተጸጸትክ ነገርኳት። ተናግሬ ሳበቃ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን አልቀየርኩም፦ «ይቅር ብላሃለች ብለሽ እንዳትጽፊለት። ገና አላልኩም። ቁጥሬ አይደለም ያስቀየመኝ። እጄን መትቶ ነበር።» ልሄድ ስነሳ ደግሞ ተከትላኝ ወጣች። «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ያልቅበታል። ቀደም ብሎ ይሳብ በይው» አለችኝ።

ለአባባ የሄድኩበትን ነግሬዋለሁ። ኮቱን ለብሶ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወጣ።

አሁን ሰላምታው፦ ለጤናህ እንደምን ነህ?

እህትህ እየሩሳሌም


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

ሦስት ቀረን፤ የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት።

በልቶ ያድራል ወይ ብለሽ እንደሆነ፣ እየሞከርኩ ነው። ትንፋሹን ቀደም ብዬ ሳብኩት፤ አሰልጣኙ «ይሄን ማን ነገረህ?» አለኝ። ነገርኩት።

ቅዳሜ የምናገረውን አስቤ ጨርሻለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺም አልነግርሽም። አባባ እንዳይከፋው ማድረግ ግን የምችል አይመስለኝም።

ዘርአ ዳዊት


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘርዬ የኔ ወንድም፣

እንኳን ለበዓሉ አደረሰህ። ስልክህን ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። እስካሁን አልመለሱልህም ይሆን ወይስ አንተ አልከፈትከው? እንደ ልማዳችን በገብረአብ እጅ ልኬልሃለሁ።

እዚህ እንዴት ታየ ብለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ።

ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ቆሞ ነበር። ዘፈንህ ሲያልቅ ጭብጨባው ሌላ ነበር። ከዚያ ግማሽ ደቂቃህ መጣ። «እኔ እዚህ የቆምኩት ቃሌን በልቼ ነው» ስትል አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። «ሀይማኖት የኔን ቁጥር ጠራች፤ እኔ የሷን አልጠራሁም። አሁን ተዘግቷል፣ ብትልኩም አይሄድም። ግን ልጥራው» ብለህ ስትጠራው ማንም አልሳቀም። አቅራቢው ጊዜህ አልቋል ሲልህ አንተ ጨርሰህ ነበር።

ሦስተኛ መውጣትህ ሲነገር ከኮሚቴው የመጣው ሰውዬ፣ «ይሄ ልጅ በአደባባይ አዋረደን። አፉን ቢዘጋ ያሸንፍ ነበር» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ ጫጫታ ሆነ። አባባ ተነሳ። ይናገራል ብለን ጠበቅን። ሄዶ ወፍጮውን አስነሳው። ባዶውን፣ እህል ሳይጨምርበት። ጫጫታው ተዋጠ፤ ሰው መነጋገር ሲያቅተው አንድ በአንድ ወጣ። እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «የዚያች ልጅ እናት ስም ማን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ።

«ታንጉ።»

«ታንጉ» አለ። ትንሽ ተራምዶ እንደገና «ታንጉ» አለ።

ኮሚቴው ተናዶም ቢሆን አቀባበሉን አልተወውም። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ መኪና አሸብርቀው ይጠብቁሃል። መቼ ትመጣለህ?

እህትህ እየሩሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ስልኬን መልሰውልኛል፣ ከፍቼዋለሁም። ይህን ግን በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት።

ያሸበረቀውን መኪና ለምን አለፍከው ብለው ሰዎች እየጠየቁሽ እንደሆነ ገብረአብ ነግሮኛል። አላለፍኩትም። ወርጄ ሁሉንም ሰላም አልኩ፣ አመሰገንኩ፣ አንገቴ ላይ ያጠለቁልኝን አበባ ተቀበልኩ። ከዚያ፣ «መጀመሪያ የምደርስበት ቤት አለ» ብዬ ተሰናበትኳቸው። አንዳንዱ ተቆጣ። አንድ ወጣት ግን እስከ ካምፑ በር በባጃጁ አደረሰኝ።

ወይዘሮ ታንጉ አቅፈው ሳሙኝ። ሀይማኖት ከኋላቸው ቆማ ነበር፤ አልተጠጋችም።

«ሰማሁህ» አለችኝ።

«እህ?»

«ዘገየህ።»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ከመኪናው ጀምሮ በልቤ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ፊቷን ሳይ ሁሉም ጠፋኝ። «እጅሽን መትቼ ነበር። አፈርኩ» አልኳት፤ ይኸው ነው የወጣኝ።

«ገና ነኝ» አለች። «ነገ ይሁን ሐምሌ አላውቅም። አታስቸኩለኝ።»

«አላስቸኩልሽም።»

ልሰናበታት ዘወር ስል ጠራችኝ። ከድንኳኖቹ ጀርባ የካምፑን ልጆች ሰብስባ ለጥምቀት መዝሙር ታለማምዳለች። «ወፍራም ድምፅ የለንም፤ ወንዶቹ ሁሉ ገና ድምፃቸው አልጎረነነም። ሥራ ከሌለህ ግባ» አለችኝ። ገባሁ። ቁመቴ ስለሚከልላቸው ከኋላው መስመር አቆመችኝ። አበባውን አንገቴ ላይ ረስቼው ኖሮ አንዷ ሕፃን እየጠቆመች ትስቃለች።

ገና ሁለተኛውን አዝማች ሳንጨርስ ሀይማኖት እጇን አንስታ አስቆመችን። «አንተ፣ የኋላው! ትቸኩላለህ። ልጆቹን ስማቸው» አለችኝ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ልጆቹን እየሰማሁ እንደገና ጀመርኩ።

እስከ ጥምቀት እዚሁ እቆያለሁ፤ ማታ ማታ አክስታችን ቤት አድራለሁ። ለመምጣቴ ያሰባችሁት የጎረቤላው ድግስ እንዳይቀርባችሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እመጣለሁ። አባባ ተቆጥቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ አልጠይቅሽም። ሊመጣ ከፈለገ ግን፣ ታቦቱ ሲወጣ የካምፑ ልጆች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተግራ ይቆማሉ በይው። ከፊት እንዳይፈልገኝ። ከኋላው መስመር ነኝ።

ወንድምሽ ዘርአ ዳዊት